ሠላሳ አንድ ገል

ይድረስ ለምወድሽና ለማከብርሽ ታላቅ እህቴ ለኤቢሴ ገቢሳ፤ አቴንስ።

እትዬ፣ ጤናሽ እንዴት ነው? ጉልበትሽስ ከዚያ የፎቅ ደረጃ ጋር ተስማማ? የምትንከባከቢያቸው አሮጊትስ ቀለል አላቸው? እዚህ ጎጆ ከተማ ውርጩ ድንቹን ሳይቀር አቃጥሎታል። እማዬ አምቦ ደህና ናት፤ የደም ግፊቷም ወርዶላታል። እኔም ደህና ነኝ ልልሽ ነበር፣ ግን አንቺን መዋሸት አልችልበትም። በስልክ ልነግርሽ ሁለቴ ጀምሬ አፌ ላይ ቀረብኝ።

ከሙዚየም አንስተሽ የላክሽልኝን የገል ፎቶ ታስታውሻለሽ። ለዘጠነኛ ክፍል የጥንት ግሪኮችን ታሪክ እያስተማርኩ ነው። የአቴንስ ሰዎች ለከተማቸው ያሰጋል የሚሉትን ሰው ስም በሸክላ ስባሪ ላይ ጭረው ድምፅ ይሰጡ ነበር፤ ስሙ የበዛበት ሰው ያለ ክስና ያለ ምስክር ለአሥር ዓመት ከአገር ይወጣል። ልጆቹ ይህን ከሚሸመድዱት በእጃቸው ይሞክሩት ብዬ ከገበያ የተሰበረ እንስራ ለምኜ አመጣሁ። ባለፈው ዓርብ ለአርባ ስድስቱም ገል አደልኩ፤ ሚስማር እየተቀባበሉ ጻፉ። የባለሥልጣን ስም ጽፈው ጣጣ እንዳያመጡብኝ ፈርቼ፣ ጨዋታ ስለሆነ የክፍላችሁን ልጅ ስም ብቻ ጻፉ አልኳቸው። መጠንቀቄ ነበር እንግዲህ።

ሠላሳ አንዱ ገል ላይ የወጣው የሃቦኔ ስም ነው። ሃቦኔ በጥቅምት ከጉደር መጥታ አክስቷ ዘንድ የተጠጋች፣ ከኋላ ብቻዋን የምትቀመጥ፣ ድምፅዋን እንኳ በቅጡ የማላውቀው ልጅ ናት። እኔ ሞኙ ገሎቹን እያነሳሁ ጮክ ብዬ አነበብኩ። አሥረኛው ላይ ማቆም ነበረብኝ፤ አሁን የሌላ ሰው ስም ይመጣል እያልኩ ቀጠልኩ። ሰኞ ከትምህርት ቤት ቀረች።

ምን አደረገቻችሁ ብዬ ልጆቹን ተቆጣሁ። የክፍሉ አለቃ ቶኩማ እንባው እየወረደ፣ ጓደኞቼን ላለማስቀየም ነው፣ እሷን ሌላ ማንም አይጽፋትም፣ አንድ ድምፅ ምን ይጎዳታል ብዬ ነው አለኝ። የቀሩትንም አንድ በአንድ ጠየቅኳቸው። ሁሉም ያሰቡት ይህንኑ ነው፤ የሚጠላት አንድም ልጅ አጣሁ።

ትናንት አክስቷ ወይዘሮ ወርቅውሃ ቤት ሄድኩ። ልጅቷ ልብሷን ሸክፋ እንደጨረሰች፣ ቅዳሜ በመጀመሪያው መኪና ወደ ጉደር እንደሚልኳት ነገሩኝ። አባቷ ሊድራት ሲል ነበር ለምነው ያመጧት፤ ከተመለሰች ትምህርቷ እዚያው ላይ አበቃ። ሃቦኔ በሩ ላይ ቆማ፣ ቲቸር እኔ ምን አጥፍቼ ነው አለችኝ። ምንም አልኳት። እትዬ፣ ልጆቹን ለማደፋፈር እኔም አንድ ገል ይዤ ጽፌ ነበር፤ ማንንም ላለማስቀየም ብዬ። ከሠላሳ አንዱ ሠላሳው የልጆቹ ነው፣ አንዱ የእኔ።

ነገ ከልጆቹ ጋር ሄጄ ይህንን ልነግራት ቆርጫለሁ። ስታውቅ ጉደር መሄዱን ትተወው ይሆን፣ ወይስ መምህሬም ጭምር ብላ ጭራሽ ይብስባት ይሆን? ጸልዪልኝ።

ለባለቤትሽ ለኦሊቃ የከበረ ሰላምታዬን አቅርቢልኝ። ትንሿን ጃለኔን ጉንጯን ሳሚልኝ። አሮጊቷንም በቋንቋቸው ወንድሜ ሰላም ብሎዎታል በያቸው። ይህ ደብዳቤ እጅሽ እስኪገባ ቅዳሜ ያልፋል። አንቺ ስታነቢው የሆነው ሆኗል፤ እኔ ግን ገና ሐሙስ ላይ ነኝ።

ወንድምሽ ሂርጳ ገቢሳ
ጎጆ፣ ታኅሣሥ 18 ቀን 2011 ዓ.ም.