ለሌላ ሞተር የተሠራው ማኒፎልድ

አሰላ፣ ኅዳር 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለሳምራ ሙህዲን
ሻርጃ

አሰላሙ ዓለይኩም ልጄ። እኔም እናትሽም ደህና ነን፣ አልሐምዱሊላህ። ስልክ ላይ ሁለት ቃል ሳንለዋወጥ ስለምንጣላ በጽሑፍ ይሻላል ብዬ ነው። ቢያንስ ስጽፍ አታቋርጪኝም።

እታገኘሁ ከዚያ ስትመለስ ያስያዝሻትን ካርቶን ባለፈው ረቡዕ አደረሰችልኝ። የቱሳ ሚኒባስ የአየር ማስገቢያ ማኒፎልዱ ከተሰነጠቀ ወር ሊሞላው ነበር። ቆሞ ሲሠራ ይንቀጠቀጣል፣ ዳገት ሲያይ ይጠፋል። ሚስቱ ነቢላ ሰኞና ሐሙስ ለኩላሊት እጥበት አዳማ መድረስ እንዳለባት ታውቂያለሽ። አንድ ሰኞ ኢተያ ሳይደርሱ ቆመባቸውና እህል በጫነ አይሱዙ ተሳፍራ ሄደች። ቱሳ በየጠዋቱ ጋራዡ በር ላይ ቆሞ ያየኛል። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ካርቶኑን ስከፍተው ደሜ ፈላ። የኋለኛው ሞዴል ማኒፎልድ! አሥራ አንድ ዓመት አብረሽኝ ሠርተሽ የቱሳ ሞተር የፊተኛው መሆኑ እንዴት ይጠፋሻል? ምንም በማታውቀው እናትሽ ላይ ጮህኩባት። ከዚያ በንዴት ልገጥመው ተነሣሁ። አሮጌውን ሙሉውን አውልቄ ያንቺን ከሞተሩ ራስ፣ ከቴስታታው ጋር ሳስጠጋው ቡሎኖቹ ልክ ገቡ። የአየር ቀዳዳዎቹ ግን የቴስታታው ክብ፣ የማኒፎልዱ ሞላላ። በሞረድ ላስተካክለው ብዬ ሐሙስን ሙሉ ዋልኩበት። በዚያው ቀን ነቢላ በሰው መኪና ሄዳ፣ ዘግይታ ደርሳ፣ ተራዋ አልፎ ስትጠብቅ ዋለች። ዓርብ ከጁምዓ መልስ ደግሞ ቀጠልኩ። በመሃል የሚገባውን ማሸጊያ፣ ጓርኒሲዮኑን፣ ሦስት ጊዜ ቀየርኩ፤ አየሩ በጎን ያፏጫል። ቅዳሜ ጠዋት ካርቶኑን በእግሬ ብመታው ከሥሩ ወረቀትሽ ወደቀ።

«አባ፣ የፊተኛው ሞዴል እዚህም ጠፍቷል። ይሄንን ሙሉውን አይግጠሙት፤ ከቴስታታው ጋር አይገናኝም። እንደነገሩኝ የተሰነጠቀው የላይኛው ግማሽ ብቻ ስለሆነ የታችኛውን አይንኩት። የዚህን የላይኛውን ፈትተው በአሮጌው የታችኛው ላይ ያድርጉት። ሁለቱን የዳር የቡሎን ቀዳዳዎች ትንሽ ቢያሰፏቸው ይገባል።»

ታዲያ ይህን ከላይ ማድረግ አቅቶሽ ነው? ዕቃ ሥር ቀብረሽ የምትልኪው ማን ቆፍሮ እንዲያወጣው ነው?

አውልቄ የጣልኩትን የታችኛውን ግማሽ አጽድቼ መለስኩት፤ ያንቺን የላይኛውን ከላዩ አሰርኩት። ሁለቱን ቀዳዳዎች አሰፋሁ። ለአሥር ሰዓት ሩብ ጉዳይ አስነሣሁት። አላፏጨም፣ አልተንቀጠቀጠም። አላመንኩም፤ እስከ ሳጉሬ ነዳሁት፣ ዳገቱን በሦስተኛ ማርሽ ወጣው። ሰኞ ነቢላ በሰዓቷ አዳማ ደረሰች።

ሲመለሱ ቱሳ ቀጥታ ጋራዡ መጣ። «ገለቶማ አባ ሳምራ፣ እጅዎ ይባረክ!» ብሎ አቀፈኝ። ደንበኞች ቆመው ያያሉ። ድሮ አንቺ የሠራሽውን መኪና ሳስረክብ ምስጋናውን ዝም ብዬ እቀበል ነበር። ልትሄጂ ሰሞን «አንድ ቀን እንኳ ስሜን ቢጠሩልኝ» ስትዪኝ የመለስኩልሽን ሁለታችንም አንረሳውም፤ እዚህ አልጽፈውም። ቱሳን «እኔን አታመስግን፤ የሠራችው ሳምራ ናት። እኔ ሦስት ቀን ሳበላሸው ነው የከረምኩት» አልኩት። ጮክ ብዬ ነው ያልኩት። የቆመው ሁሉ ሰምቷል።

ይኸው ደግሞ የመጣብኝ ጣጣ! ትናንት ለሊሳ የሚባል ሹፌር መኪናውን አቁሞ «ሳምራ የምትባለው መካኒክ የት ናት?» አለኝ። ሠላሳ ዓመት በሠራሁበት ጋራዥ፣ እኔ ቁልፍ ይዤ ፊቱ ቆሜ! ዛሬ ደግሞ አንድ የሁሩታ ሰው መጣ። «ሻርጃ ናት፤ እኔ ልይልህ» ስለው «ግዴለም፣ እስክትመጣ እጠብቃለሁ» ብሎኝ ቁጭ አለ። ሻይ አስመጥቼለት ጠጥቶ ነው የሄደው።

አላህ ከክፉ ዓይን ይሰውርሽ፤ የሄድሽበትን ያቅናልሽ፤ እጅሽንም ይባርክልሽ። እናትሽ ከፊርማዬ በፊት ናፈቀችኝ ብለህ ጻፍልኝ ብላ ቆማብኛለች፤ ጽፌያለሁ።

ሰዎቹ ነገም ይመጣሉ። መቼ ትመጣለች ልበላቸው?

አባትሽ
ሙህዲን