በአባቴ ላይ የላክኋቸው ሽማግሌዎች

ሰኞ፣ ጥር 23

ላክሁ። በገዛ አባቴ ላይ ሽማግሌ ላክሁ። የንስሐ አባታችን አባ ገብረሥላሴና ጎረቤታችን ጋሽ ሰይድ ጠዋት ቤታችን መጥተው፣ ካልሰማኸን አንቀመጥም ብለው ቆሙበት። ጉዳዩ እኔ ነኝ። ህንድ አገር ስማር የክሪኬት ቡድናችን አምበል የነበረው ልጅ አሁን ናይሮቢ ክለብ ያሠለጥናል፤ የዛሬ ሳምንት ሰኞ ለሙከራ ና ብሎኛል። አባዬ ደግሞ ያስተማረኝ የውሃ ፓምፕና የቱቦ ንግዱን እንድረከበው ነው። ራሴ ልነግረው ሦስት ጊዜ አፌን ከፍቼ፣ ሦስቱንም ጊዜ ስለ ቱቦ አወራሁ።

ጋሽ ሰይድ ጨዋታውን ሲያስረዱ የገና ጨዋታ አስመሰሉት። አባዬ ሰምቶ ሰምቶ፣ «ከቤተሰብ ልማከር። የዛሬ ሳምንት ተመለሱ» አለ።

የዛሬ ሳምንት እኮ ናይሮቢ መገኘት አለብኝ። እምቢ ማለቱ ነው ወይስ ወጉን ማድረሱ? ሴት ልጅ ስትጠየቅ በመጀመሪያው ቀን እሺ የሚል አባት የለም። እኔ ግን ሙሽራ አይደለሁም!

ማክሰኞ፣ ጥር 24

አባዬ ሌላ ሌላውን ያወራል። ከሮቢት ለመጣ ገበሬ ቱቦ ለካ አለኝ። ወጡ ጨው አንሶታል አለ። እንደ ድንጋይ የጠጠረችውን የክሪኬት ኳሴን አንስቶ በእጁ መዘናትና «ይቺ ሰው ትገድላለች» ብሎ መለሳት። ምን ማለቱ ነው?

ከሰዓት አንድ ደንበኛችን እህሉን ካነሣበት አውድማ ሄጄ፣ ሦስት እንጨት ተክዬ ኳሴን ወረወርሁ። አውድማ በጫማ አይረገጥምና በባዶ እግሬ። ከሃያ ውርወራ አሥራ አራቱ እንጨቶቹን መታ። ደስ አለኝ፤ ወዲያው ሃያ ሰባት ዓመቴ መሆኑ ትዝ አለኝ። ለዩኒቨርሲቲው ሦስት ዓመት ተጫውቻለሁ፤ አንድ ቀን ብቻዬን አምስት ተጋጣሚ ከጨዋታ አስወጥቻለሁ። ከዚያ ሁለት ዓመት ቱቦ። ይኼ ስፖርተኛ ያሰኛል?

ሐሙስ፣ ጥር 26

የቆቦ ሰው ሽማግሌዎቹ ለእህቴ ለትርሓስ የመጡ መስሎታል። ጥር አይደል! እማዬን ገበያ ላይ እንኳን ደስ ያለሽ ብለዋታል። ትርሓስ ሳቀች፣ ቀጥላ ተናደደች፣ ቀጥላ ፓምፕ ልትፈታ ገባች። እውነቱን ለመናገር ሱቁን የምታውቀው እሷ ናት። የቱ ብሎን ለየቱ ፓምፕ እንደሚሆን እስካሁን እሷን ነው የምጠይቃት።

ቀጠሮው ይቅደምልኝ ብዬ ጋሽ ሰይድን ለመንኋቸው። ሽማግሌ ያጣድፋል እንዴ ብለው ተቆጡኝ። አለቀልኝ። ሻንጣዬን ግን አላፈረስሁም።

ዓርብ፣ ጥር 27

ያ ሁሉ ቁጣ ቀርቶ ጋሽ ሰይድ ዛሬ ጠዋት ከአባ ገብረሥላሴ ጋር ከች አሉ! አባዬ ይህን ጊዜ አስቀመጣቸው።

«ዋስ ይጥራ» አለ። «ባይመለስ ሱቁን የሚይዝልኝ ዋስ።»

ማንን ልጥራ? ትርሓስ በሩ ሥር ቆማ ነበር፤ «እኔ አለሁለት» አለች። አባዬ ቀና ብሎ አያት። ከዚያ ይሂድ አለ፤ አባ መረቁኝ፣ ጋሽ ሰይድ አሚን አሉ፣ እማዬ አለቀሰች።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። አልሆነም። መመለሴን እኔ ራሴ አላውቅማ! ክለቡ ከወሰደኝ ተመልሼ ፓምፕ ፊት የምቆም አይመስለኝም። እህቴን አሞኝቼ፣ ዋስ አድርጌ ልሂድ? ብነግራትና ዋስነቷን ብታነሣስ? ሁለቱም ያስፈራኛል።

ቅዳሜ፣ ጥር 28

ወልድያ መነኻሪያ ተቀምጬ የአዲስ አበባ መኪና እየጠበቅሁ ነው።

ቆቦ መነኻሪያ ድረስ የሸኘችኝ ትርሓስ ናት። ሚኒባሱ እስኪሞላ ከጎኔ ተቀመጠች። እንደምንም አወጣሁት፤ ላልመለስ እችላለሁ አልኋት። የምታለቅስ መስሎኝ ነበር።

«ዋስ የሆንሁት ለምን ይመስልሃል?» አለች። «ብትመለስም ሱቁን አልለቅልህም።»

ከልቧ ነው፤ ስትቀልድ አውቃታለሁ። አቀፈችኝና ወረደች። ከጎብዬ የመጣ ደንበኛ ሱቅ እየጠበቃት ነበር።

ቀለለኝ። እውነት፣ በጣም ቀለለኝ። ሮቢትን ስናልፍ ግን፣ እንጃ፣ ከፋኝ። አልመለስም ይሆናል ያልሁት እኔው ነኝ። ቦታዬ ሌላ ሰው ይይዘዋል ብዬ ግን አንድም ቀን አስቤ አላውቅም ነበር።