ጎረምሳው ሴት ናት

እታለም፣

ጎረምሳው አልታመመም። ሐኪሙ ገልበጥ አድርጎ አየውና ሳቀ። ድመታችን ሴት ናት፤ የምትጮኸውም ወንድ ፈልጋ ነው።

ሳምንት ያህል መሬት ላይ እየተንከባለለች ታላዝናለች። አትቆጫት፤ በላባው አጫውቻት። ያልፍላትና ከሁለት ከሦስት ሳምንት በኋላ ደግሞ ይመለስባታል። መሃል ላይ ረጋ ስትል ወስጄ አስመክናታለሁ።

የጓዳውን መስኮት እባክሽ ዝጊው። ዛሬም ከፍተሽው ነው የወጣሽው፤ ሁለት አውራ ድመቶች አጥሩ ላይ ተቀምጠው ሙሽራዋ እስክትወጣ ይጠብቃሉ።

ዓመት ሙሉ «ሴት ናት» ባልሽኝ ቁጥር «አዋላጇ እኔ ነኝ አንቺ?» እያልኩ አፍ አፍሽን ስልሽ መክረሜ...
በቃ፣ ሥራ ረፈደብኝ። ሦስት እናቶች ምጥ ላይ ናቸው።

ስሟን አንቺ አውጪላት። እኔ ሳወጣ ምን እንደሚሆን አይተሻል።