ዘርፉ ከወንበሯ ስትነሳ

አዳማ፣ ግንቦት 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

የሆዴ ልጅ ጋዲሴ፣

ስቶክሆልም ብርዱ ለቀቀሽ ወይ? እዚህ ፀሐዩ አይጣል ነው፤ ከቀትር በኋላ ከግቢው ኒም ዛፍ ጥላ ንቅንቅ አንልም። እኔ ተመስገን ደህና ነኝ። የአረጋውያን ቤቱ ምግብ ይስማማኛል፣ የደም ግፊቴንም ይለኩልኛል። በቪዲዮ ስንገናኝ ስልኩን የምትይዝልኝ ተንከባካቢዋ ሜቲ ስለሆነች ግን ሁሉን አልነግርሽም። የጎረቤታችን ልጅ ቦንቱ ለትምህርት ወደ እናንተ ልትመጣ ነው ሲሉኝ ጊዜ፣ በእጇ እንድታደርስልኝ ይህን ጻፍኩልሽ።

ክፍል የምትጋራኝን ዘርፉን ታውቂያታለሽ፤ በስልክ ባየችሽ ቁጥር «ይቺ የማን ልጅ ናት?» የምትለዋ። የሁሩታ ሰው ናት፤ ባሏ ከሞተ በኋላ ስንዴውን ራሷ ስታዘራና ስታሳጭድ የኖረች ብርቱ ሴት። አሁን መርሳቱ ጠንቶባታል። እግሯ ግን አላረፈም። በጾሙ ሰሞን በሩን ክፍት አግኝታ ወጣች፤ ወንጂ መንገድ ላይ በባጃጅ መሀል ስትሄድ ሰው መለሳት። «አጫጆቹ ይጠብቁኛል» ነበር የምትለው።

ከዚያ ወዲህ ሜቲ ሌላውን ልታጥብ ወይም ልታጎርስ ስትሄድ፣ የዘርፉን ወገብና እጅ በነጠላ ከወንበሩ ጋር ታስር ጀመር። ሜቲ ክፉ ልጅ አይደለችም። ለሁላችንም ያለችው እሷ ብቻ ናት፤ ስትሮጥ ነው የምትውለው። «ቲቸር፣ ከምትወድቅ ይሻላል» አለችኝ፣ ዓይን ዓይኔን ሳታይ። ዘርፉ መጀመሪያ ላይ ትጮህ ነበር። ኋላ ዝም አለች፤ እኔን ያስፈራኝ ዝምታዋ ነው። ሽንት ቤት ራሷን ችላ ትሄድ የነበረች ሴት ወንበሩ ላይ ትረጥብ ጀመር። የእጇ አንጓ ተላጠ።

ለኃላፊያችን ለሲስተር አሚራ ነገርኳት። «አውቃለሁ ቲቸር፤ ግን ቤተሰቧ ፈቅዷል» ብላኝ ሄደች።

ቤተሰቧ ማለት አንድ ልጇ ቀነኒሳ ነው፤ በወር አንድ እሑድ ከሁሩታ ይመጣል። እሱ የሚመጣ ዕለት ይፈቷታል፣ ቅባት ይቀቧታል፣ እጅጌው ረጅም ቀሚስ ያለብሷታል። ባለፈው ወር ሲመጣ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ፈርቼ ነበር፣ አልዋሽሽም። እዚህ ቤት የምታስቀይሚው ሰው ማታ ውሃ የሚያቀብልሽ ሰው ነው።

«ቀነኒሳ፣ እስቲ የእናትህን እጅጌ ግለጠው» አልኩት።

ገለጠው። የተላጠውን አንጓዋን አየ። ይጮሃል ብዬ ስጠብቅ ቀስ ብሎ መለሰው።

«እማማ፣ እሰሩልኝ ያልኳቸው እኔ ነኝ» አለኝ።



«ቤት ሳለች የውሃ ጉድጓድ ውስጥ ልትገባብኝ ነበር» አለ። «እዚህ ደግሞ መንገድ ወጣች ሲሉኝ፣ መኪና ገጭቷት ሬሳዋን ከምወስድ ታስራ ትኑርልኝ አልኩ። ምን ላድርግ?»

«አልፈርድብህም ልጄ። ግን በፊት ስትመጣ በስምህ ትጠራህ ነበር። ዛሬ ጠራችህ?»

ቀነኒሳ ፊቷ በርከክ ብሎ «ሃርሜ፣ እናቴ፣ ተነሺ እስቲ» አላት። እሺ ብላ ልትነሳ ስትሞክር ጉልበቷ ከዳት። ግቢውን ስትዞር ትውል የነበረች ሴት መቆም አቃታት። ቀነኒሳ እዚያው እግሯ ሥር አለቀሰ። እሷ ራሱን ዳበሰችው፤ አውቃው ይሁን ሳታውቀው፣ እንጃ።

ያን ዕለት ሲስተር አሚራ አልሸሸችም። ተቀመጠችና «እኔም ነጠላውን ባየሁ ቁጥር ዓይኔን ነው የማዞረው» አለች። የሌሎቹ ቤተሰቦችም ተጠርተው የአረጋውያን ቤቱን ባለቤት አነጋገሩት፤ ለሜቲ አጋዥ ተቀጠረላት። በሩ ከውስጥ እሷ የማትደርስበት መቀርቀሪያ ገባለት፣ የዘርፉ አልጋ ዝቅ አለ። ቀነኒሳ ከሁሩታ አጣና ጭኖ መጥቶ በኮሪደሩ ግድግዳ ላይ መደገፊያ መታበት። ጠዋት ጠዋት እሷ አጣናውን፣ እኔ እሷን ይዘን እንመላለሳለን።

ትናንት ደግሞ ተንሸራትታ ጉልበቷ ተላጠ። ሁላችንም ደነገጥን። ሲስተር አሚራ ለቀነኒሳ ደወለችለት፤ ድምፁ ለእኔም ይሰማኝ ነበር። «ስትራመድ ነው የወደቀችው?» አለ።

«አዎ» አለችው።

«እንግዲያው ይሁን» አለ።

የእኔ ወሬ ይኸው ነው። ሌላማ ምን አለ? ለፋሲካ የበሩ ደፍ ካደናቀፈኝ ወዲህ እኔንም ከግቢው አያስወጡኝም። ቤተ ክርስቲያኑ እኮ ከመንገዱ ማዶ ነው፤ ምርኩዜን ይዤ አስቀድሼ እመለስ ነበር። አሁን ደወሉን አልጋዬ ላይ ሆኜ እሰማዋለሁ። ማን እንዳዘዘ ሲስተር አሚራን አልጠየቅኳትም፤ ልጠይቃትም አልፈልግም። እንደ ቀነኒሳ የሚወደኝና የሚፈራልኝ ሰው እንደሆነ አውቃለሁ። ብቻ አንቺ ስትደውዪላት «ትውጣ» የምትል አንዲት ቃል ጣል አድርጊልኝ፤ ካንቺ ከመጣ እሺ ትላለች።

ያባትሽ የጉርሜሳ አምላክ በሄድሽበት ይቅደምልሽ፤ እጅሽ የነካው ይባረክ፣ ደጅሽ አይዘጋ።

ሁሌም የምትናፍቅሽ እናትሽ
ወሰንየለሽ