የጋዝ ተረኛ

ለወንድሜ ለባሕሩ፣

እንደምን ከርመሃል? ባለቤትህ ቦንቱስ እንዴት ናት? ልጅህ ሶረቲስ አድጋ ይሆን? የሆላንድ ብርድ እንዴት ይዟችኋል? እንደ ሰፈራችን ሰው አካም ጅርታ እያልኩ ጤናህን ደጋግሜ ብጠይቅ ደስ ባለኝ፤ አንጀቴ እንቢ አለኝ እንጂ። እኛ ደህና ነን። አባዬ ብቻ የለም።

ሲታመም ደውዬ ና ስልህ፣ ቴሌስኮፑ የሚደርሰኝ በዓመት አንዴ ነው፣ ተራዬ ካለፈ አለፈ አልከኝ። ሥራህንም አስረዳኸኝ። ከሩቅ ጋላክሲ እምብርት የሬዲዮ ሞገድ ይመጣል፣ ፊቱ ላይ ያለው ጋዝ ከመሃሉ ጥቂት ይውጥበታል፣ እናንተም የተዋጠባትን ቀጭን መስመር አይታችሁ የማይታየውን ጋዝ ታውቁታላችሁ። የስድስተኛ ክፍል ትምህርቴ ባይበቃም ገብቶኛል። የጎደለውን አይቶ ያለውን ማወቅ ነው። እኛም ለቅሶው ድንኳን ውስጥ እንዲሁ ነው ያወቅንህ።

አባዬ የሰማው ግን ጋዝ የምትለዋን ብቻ ነው። አንገር ጉቲን በመንግሥት እርሻው ሃያ ዓመት የነጭ ጋዝ በርሜል የጠበቀ ዘበኛ፣ ጋዝ ሲባል ሌላ ምን ይምጣለት? ልጄም እንደኔ መጋዘን ይጠብቃል ብሎ አመነ። ጎረቤታችን ጉደታ ባጃጁ ቤንዚን አጥታ በቆመች ቁጥር፣ "አባ ባሕሩ፣ ልጅህ አንድ ጀሪካን አይልክልንም?" እያለ በአንተ ስም እየጠራ ያሾፍበት ነበር፤ እሱም ይስቃል። ልጅህ ለምን አልመጣም ሲሉት ግን አይስቅም። "ተረኛ መጋዘን ጥሎ አይሄድም" እያለ ሲከራከርልህ ነው ነፍሱ የወጣችው።

እኔም አላረምኩትም። ሞገዱ ከተነሳ ብዙ ሚሊዮን ዓመት ሆኖታል ያልከኝን ብነግረው፣ ይህን ያህል የቆየ ነገር ልጄ መጥቶ እስኪመለስ ሁለት ሳምንት አይቆይም ወይ ይለኝ ነበር። መንገዱ አያስመጣም ብትለኝ እንኳ፣ የወለጋ ሰው ነኝና ይገባኝ ነበር። ቀብሩ ላይ የበኩር ልጅ አፈር ይጀምር ሲባል ሰው ሁሉ ዞር ዞር አለ። አካፋውን ያነሳው ጉደታ ነው።

አሁን ደግሞ እማዬ ለጠያቂው ሁሉ "ተረኛ ነው" ማለት ጀምራለች። ዓይኗም እየደከመ ነው። ለፋሲካ ና። ካልመጣህ ያ ሞገድ ስንት ዓመት መንገድ ላይ እንደነበረ አንድ ሳላስቀር እነግራታለሁ።

ቦንቱን ሰላም በልልኝ፤ ሶረቲን ሳምልኝ። ልጆቼ ኦብሳና ንጋት ሰላም ብለውሃል። ጉደታም ሰላም ብሏል፤ የጀሪካኑን ቀልድ ግን አላነሳም። እማዬ ደግሞ፣ ተራው ሲያልቅ ይምጣ በይው ብላኛለች።

እህትህ በዛብሽ
ነቀምት፣ ባኬ ጃማ
የካቲት 19 ቀን 2017 ዓ.ም.