እትዬ አስቴር የመረጡት ቀለበት

አባዬ፣

ከተለየኸን ይኸው ሁለተኛው ክረምት ወጣ። በመጀመሪያው ክረምት ልጽፍልህ ብዕር አንስቼ ነበር፤ የሚጻፈው ሁሉ ለቅሶ ለቅሶ አለኝና ተውኩት። አንተ ደግሞ ለቅሶ ሲረዝም ሰዓትህን የምታይ ሰው ነበርክ። አሁን የምጽፈው ወሬ ስላለኝ ነው።

ቤቱ ደህና ነው። ፊት ለፊታችን ያለው መንገድ ኮብልስቶን ተነጠፈለት፤ ባጃጆቹ ድሮ በጭቃ ምክንያት ሊገጩን ያልቻሉትን አሁን በደንብ ይችላሉ። የሥራ ክፍልህን አከራየነው፤ ጸጉር ቤት ሆኗል። መጋዝህና መላጊያህ ይሰቀሉበት የነበረው ግድግዳ ላይ በየቀለሙ ሰው ሠራሽ ጸጉር ተንጠልጥሏል። እማዬ መጀመሪያ ሰሞን በዚያ በኩል ላለማለፍ በጓሮ ትዞር ነበር፤ ዛሬ ዛሬ ከደንበኞቹ ጋር ተቀምጣ ስትስቅ አገኛታለሁ። ሽበቷን ግን እስካሁን አልሰጠቻቸውም። አንተ የሠራኸው የሳሎኑ ጠረጴዛ ንቅንቅ አላለም። ቴሌቪዥኑ ግን ተከትሎሃል።

ዋናው ወሬ ላገባ መሆኑ ነው። አዎ፣ በዚህ ዕድሜዬ። ተስፋ መቁረጥህን በጨዋ ደንብ ትደብቀው እንደነበር አውቃለሁ፤ ሰው ስለ እኔ ሲጠይቅህ «የምትሠራበት ቤተ መጻሕፍትም እኮ ሰው ያስፈልገዋል» እያልክ ታልፍ ነበር። ሰውዬው ሙሉጌታ ይባላል። መናኸሪያ አካባቢ የግንባታ ዕቃ መደብር አለው፤ ቆርቆሮ፣ ቧንቧ፣ ሚስማር ይሸጣል። ሚስማር ስል ፊትህ ሲጨማደድ ይታየኛል። ዕድሜህን ሙሉ በቴክኒክ ትምህርት ቤት «ሚስማር የሚመታው እንጨት ከእንጨት ማጋጠም ያቃተው ነው» እያልክ ስታስተምር ኖረህ፣ ልጅህ ሚስማር በኪሎ የሚሸጥ ሰው ልታገባ ነው።

ብታገኘው ግን የምትወደው ይመስለኛል። ቅዳሜ ቅዳሜ፣ አንተ ትወስደኝ እንደነበረው፣ ሐይቁ ዳር፣ አሞራ ገደል እንሄዳለን። ዓሣ ጠባሾቹ እዚያው ናቸው። አባ ኮዳዎቹም፣ እነዚያ ራሰ በራ ትልልቅ ወፎች፣ እንደ ድሮው ትከሻቸውን ሰብቀው፣ ለጉባኤ እንደተሰየሙ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች፣ የዓሣ አንጀት እስኪወረወርላቸው ቆመው ይጠብቃሉ። ይህን ንጽጽር ያመጣኸው አንተው ነህ፤ ሽማግሌ ሆነህ ከመመረጥህ በፊት። ከተመረጥክ በኋላ ደግሜ ሳነሳው አልሳቅህም።

ነገሩ የተጀመረው በቀለበት ነው። የሙሉጌታ እህት ዱባይ ትሠራለች፤ ለእረፍት ስትመጣ አንዲት አልማዝ በጥጥ ጠቅልላ አመጣችለት። ከምስር ፍሬ አትበልጥም። የመጣችው ድንጋይዋ ብቻ ስለሆነች ቀለበቱን እዚሁ ማሠራት ነበረብን። እዚህ ላይ ፊትህን ታዞራለህ። ቆይ፣ አታዙር።

አንተና እማዬ ስትጋቡ ቀለበት አልነበረም፤ በመድረኩ ላይ መጽሐፍ ቅዱስ ነው የተለዋወጣችሁት። የዚያን ጊዜ አማኝ ወርቅ የዓለም ነው ይል ነበር። እማዬ እስከ ዛሬ ጣቷ ላይ፣ ሽንኩርት ስትከትፍ ለቆረጣት ከምታስረው ፕላስተር በቀር፣ የዞረ ነገር የለም። አሁን ያለው ፓስተር ግን ራሱ ቀለበት አስሯል፤ የቀለበት ሥነ ሥርዓትም በሠርግ ፕሮግራም ላይ መጻፍ ከጀመረ ቆይቷል። ስለዚህ በቤተ ክርስቲያን በኩል ችግር የለም። ችግሩ እትዬ አስቴር ናቸው።

ልጃቸው ትዕግስት ስታገባ የሆነውን ታስታውሳለህ። ሙሽራው ቀለበት ገዝቶ ነበር። አንተ በዋዜማው ሁለቱን ጠርተህ፣ በዚህ መድረክ ወርቅ አይታሰርም አልካቸው። በክፋት እንዳልነበር አውቃለሁ፤ ታምንበት ነበር። ለዚያችው ለትዕግስት አንድ ሚስማር የሌለበት ቁም ሳጥን ሠርተህ በስጦታ ሰጥተሃታል። እኔ ግን የዚያን ቀን ከመዘምራኑ ጋር ቆሜ ነበር። ቃል ኪዳኑ ላይ ሲደረስ ትዕግስት ሳታስበው፣ በልምምዱ እንደለመደችው፣ ጣቶቿን ዘርግታ እጇን ሰጠች። መጽሐፍ ቅዱስ ተቀመጠበት። ጣቶቿ ከመጽሐፉ ሥር እንደተዘረጉ ትንሽ ቆዩ። እኔ አየሁ። እናቷም አዩ።

እትዬ አስቴር ስለዚያ ቀን አንድ ቃል ተናግረው አያውቁም። እሑድ እሑድ ከእማዬ አጠገብ፣ እዚያው ወንበር ላይ መቀመጣቸውንም አልተዉም። አንተ የሞትክ ዕለት በራችንን መጀመሪያ ያንኳኩት እሳቸው ናቸው። ይኼ ሁሉ ነገሩን አቀለለው ብለህ እንዳታስብ። አከበደው እንጂ።

እማዬ የአልማዙን ወሬ ስትሰማ የምትለቅመውን ምስር ወደ ጎን አደረገችና «አስቴር አጠገብ ተቀምጬ ያንቺ ጣት ላይ ወርቅ ሲገባ አላይም። የዚያን ቀን ያመኛል» አለችኝ። ሕመሟን ከወራት በፊት ቀጠሮ የምታስይዝ ሰው አይቼ አላውቅም። እንደማትቀልድ ግን ገባኝ። ከሁለቱ አንዱን ልመርጥ ነው፤ ወይ ቀለበት የሌለበት ሠርግ፣ ወይ እናት የሌለችበት። ቀለበቱ ይቅር እንዳልል ደግሞ ፈለግሁት። ይህን ለአንተ ስጽፍ አፍራለሁ ብዬ ነበር፤ አላፈርኩም።

እንደምታውቀኝ፣ የማላነብለት ነገር ውስጥ አልገባም። ድንጋይ በቀለበት ላይ ስለሚቀመጥባቸው መንገዶች ያገኘሁትን ሁሉ አነበብኩ። ሰው አንዲት ምስር የምታህል ነገር እንዳትወድቅ ለማድረግ ስንት ዓይነት ዘዴ እንደፈጠረ ብታይ ትደነቅ ነበር። ከዚያ ሦስታችን፣ እኔ፣ ሙሉጌታና እማዬ፣ ወርቅ ሠሪው አቶ ጀማል ዘንድ ሄድን። እማዬ የመጣችው እግሬን ላፍታታ ብላ ነው። ወንበር ሲሰጣት ቦርሳዋን እጇ ላይ አድርጋ፣ ጣቶቿን ከሥሩ ደብቃ ተቀመጠች።

አቶ ጀማል ናሙናዎቹን አንድ በአንድ ዘረጋልን። የመጀመሪያው ድንጋዩ ከፍ ብሎ በስድስት ጥፍሮች የተያዘ ነው፤ ብርሃን ከሥርም ከላይም ስለሚገባው ያንጸባርቃል። እኔ የፈለግሁት እሱን ነበር። ሙሉጌታ በአውራ ጣቱ ጫን ጫን አደረገውና «ስድስት ቦታ ከተያዘ ጥሩ ነው፤ አንዱ ቢለቅ አምስቱ ይሸከሙታል፤ ጣሪያም እንደዚሁ ነው» አለ። እማዬ «ነጠላ ይይዛል» አለች፣ ማንም ሳይጠይቃት። ሁለተኛው ዙሪያውን በወርቅ ታቅፏል። ሙሉጌታ እንደ መስኮት መስታወት ፍሬም አለው አለና ደስ አለው። ሌላም ነበር፤ ትልቁ ድንጋይ ዙሪያውን በደቃቃ ድንጋዮች የተከበበበት፣ ርእሰ መምህር ከተማሪዎቹ ጋር የተነሳውን ፎቶ የሚመስል። እሱን ቶሎ አለፍነው።

የመጨረሻው የተቀበረ የሚሉት ነው። ወርቁ ተቦርቡሮ ድንጋዩ ውስጡ ይገባል፤ ፊቱ ከወርቁ ጋር እኩል ይሆናል። ከሩቅ ለሚያየው ተራ ቀለበት ነው። ቅርብ ያለም ሰው ካልተነገረው አያስተውለውም። እማዬ አንገቷን አስግጋ አየችው።

«ይሄ እኮ ቀለበት አይመስልም» አለች።

አቶ ጀማል በሕይወቱ ሥራው እንዲህ ተመስግኖ የሚያውቅ አይመስለኝም። «እናቴ፣ ይሞክሩት እንጂ፣ አይናከስም» አላት። «እኔ ለሰው ነው የመጣሁት» አለችው። ቢሆንም ፊቷ ተፈትቶ ነበር። ይሄኛው ከሆነ፣ እኔ እጄን አጠፍ ካደረግሁ፣ ሙሉጌታም ቶሎ ካጠለቀው፣ ከሦስተኛው ወንበር ወዲያ ማንም እንደማያይ ሁላችንም ገብቶናል። የዚያን ቀን እንደማያማትም ገባኝ። የተቀበረው ይሁን አልኩ።

አንተንም አሰብኩህ። ልጅ ሆኜ ሥራ ክፍልህ ስመጣ ዓይኔን አስጨፍነህ ጣቴን በእንጨቱ መጋጠሚያ ላይ ታስኬድ ነበር፤ ጣቴ መጋጠሚያውን ካላገኘው ሥራው አለቀ ማለት ነው። በአንተ መለኪያ የሚያሸንፈው የተቀበረው ነው። ይህን ለራሴ እየደጋገምኩ ሳምንቱን ገፋሁት። ጥሩ ማሳመኛ ነበር፤ ያሳመነኝ ግን ግማሽ መንገድ ድረስ ነው።

እማዬን ግማሽም አልወሰዳት። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ተመለስን። ምሳ ላይ ሳህኗን እያየች «ዛሬ አስቴር የመዝሙር መጽሐፏን ረስታ የኔን አብረን ያዝን» አለችኝ። ማክሰኞ ጠዋት ነጠላዋን ለብሳ፣ ለብቻዋ ባጃጅ ይዛ ሄደች። ስትመለስ እትዬ አስቴርን አስከትላ ነበር። ምን እንደተባባሉ እስከ ዛሬ አልነገሩኝም። እትዬ አስቴር እኔን ከላይ እስከ ታች አዩኝና «በይ ተነሽ፣ አሳዪኝ» አሉኝ።

አቶ ጀማል ሥራውን ገና አልጀመረውም ነበር። ናሙናዎቹን እንደገና ዘረጋ። እትዬ አስቴር እንደ እማዬ እጃቸውን አልደበቁም። ባለጥፍሩንም፣ የታቀፈውንም፣ የተቀበረውንም በተራ በተራ በራሳቸው ጣት ላይ አጠለቁ፤ ጣቴ የወፈረ ሴትዮ ነኝ እያሉ እየቀለዱ። ከዚያ የተቀበረውን በመዳፋቸው ይዘው «ይሄን ማነው የመረጠው» ሲሉ ጠየቁ።

እማዬ «እኔ ነኝ» አለች።

«ለምን?»

«እንዳይታይ ነዋ።»

አቶ ጀማል የሚያጸዳው ነገር አጥቶ ንጹህ መስታወት ይወለውል ጀመር። እትዬ አስቴር፣ ድምፃቸውን ሳያነሱ፣ ወደ እማዬ ዞረው እንዲህ አሉ፦ «የኔ ልጅ ያለ ቀለበት የተዳረችው ሰው ሁሉ እያየ ነው። ያንቺ ልጅ ተደብቃ ልታስር ነው? ባልሽ ለትዕግስት የሠራላት ቁም ሳጥን በሩ እስከ ዛሬ አልረገበም። እግዜር ይስጠው። ቀለበቷን ግን መሳቢያ ውስጥ አስቀምጣ ነው የምትኖረው። አንድ መሳቢያ ይበቃል።»

እማዬ ቦርሳዋን ከእጇ ላይ አነሳች። እትዬ አስቴር ባለጥፍሩን አንስተው ለአቶ ጀማል ሰጡት። «ይሄን አድርግላት። ከኋላ ወንበር ያለውም እንዲያየው ከፍ አድርገው።»

አድርጎታል። በጣም ከፍ አድርጎታል። ለመለካት ቤት ይዤው በዋልኩበት ቀን ሹራቤን ያዘ፣ የአልጋ ልብሱን ያዘ፣ የእማዬን ነጠላ ሁለት ቦታ መዘዘ። እማዬ «አላልኩም?» በሚል ዓይን አየችኝ። እትዬ አስቴር ይህን ቀለበት የመረጡልኝ በምሕረት ይሁን በቅጣት አሁንም አላወቅሁም። ምናልባት ሁለቱም ነው፤ ይገባናልም።

ሠርጉ ከፋሲካ በኋላ ነው። እማዬ ትመጣለች፤ ጤነኛ ትሆናለች። ትዕግስት አሁን ዲላ ነው የምትኖረው። ደውዬ፣ ቀለበቶቹን እስከ መድረኩ ይዘሽልኝ ትመጪያለሽ ወይ ብዬ ጠየቅኋት። ከኋላዋ የልጆች ድምፅ ይሰማኛል። «ላስብበት» አለችኝ። እስካሁን አልመለሰችልኝም፤ ደግሜም አልደወልኩም። እንቢ ብትል አይገርመኝም። እሺ ካለች ግን በዚያው መንገድ፣ በዚያው መድረክ ፊት፣ የኔን ወርቅ ይዛ ትሄዳለች። የጠየቅኋት ነገር ቀላል እንዳልሆነ የገባኝ ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ነው።

አባዬ፣ የዚያን ቀን ስምህ ይነሳል። ቀለበቱ ከፍ ብሎ ሲታይ ከኋላ ወንበሮች አንዱ ወደ ሌላው ጎንበስ ብሎ፣ አባቷ እኮ ለሌላ ሰው ልጅ የከለከለው ነው ይላል። እውነቱን ነው። ከእማዬ ጋር ተነጋግረን አንድ ነገር ላይ ተስማምተናል፤ አንሸፍንልህም፣ አሳልፈንም አንሰጥህም። ሰው ሲሞት እንደሚደረገው አሳምሬ ላስታውስህ አልችልም፤ ብሞክርም አንተን አትመስልም። በዚያ ጉዳይ ተሳስተሃል ብዬ አምናለሁ፤ ብትኖር ፊት ለፊት እነግርህ ነበር፣ አንተም ሰዓትህን ታይ ነበር። ስለዚህ ቃል የምገባልህ ይህን ነው፤ እንደነበርክ አስታውስሃለሁ፣ አንዱንም ሳልቀንስ። የትዕግስትን ቀለበት የከለከለው አባቴ ነው፤ እኔን ያሳደገኝም እሱ ነው። ለሚጠይቀኝ ሁሉ ሁለቱን አብሬ እነግረዋለሁ።

ልጅህ
መስከረም