የኤፍራይን ተራ

ለምወድህ ወንድሜ ለኤፍራይን፤

እንደምን ከርመሃል ወንድምዬ? ጤናህስ እንዴት ነው? ያ የማዕድኑ አቧራ ያመጣብህ ሳል ለቀቀህ? ፍሎሪንዳ ደኅና ናት? ትንሿ ዳማሪስ ጥርስ አወጣች? እኛ ሁላችን ደኅና ነን። እማማ ጉልበታቸውን ያማቸዋል እንጂ ምላሳቸው እንደምታውቀው ነው።

የአባባን ዓይን ነገር በስልክ ነግሬህ ነበር። ሐኪሙ ከመጪው ብርድ በኋላ ብዙም አያዩም ብሎናል። አባባ ይህን በሰሙ በሦስተኛው ቀን ቁርስ ላይ፣ «በረዶውን አንዴ ልየው፤ ከዚያ ጨለማውም ይምጣ» አሉ። አንተና እሳቸው ከብት ስትነዱ አጠገቡ ታድሩ የነበረውን፣ ከሐይቁ በላይ ያለውን የበረዶ ግግር ማለታቸው ነው። ባለቤቴን ሬናንን ለመንኩትና ድንኳኑን ፒክአፑ ላይ ጭነን ተነሳን። እማማ «በዚያ የጠጠር መንገድ ጉልበቴን አላስፈጭም» ብለው ቀሩ።

የመጀመሪያው ሐይቅ ዳር አርፈን አባባ ማቴውን፣ ያን መራራ የቅጠል መጠጣችንን፣ በአንዲቱ ቅል እየቀዱ በየተራ ያዞሩ ጀመር። ሬናን ያው የወደብ ልጅ ነው፤ ማቴ ሳይጠጣ ነው ያደገው፤ እኛ ቤትም ቡና ብቻ ነበር የሚጠጣው። ቅሉን ተቀብሎ ጠጣና ጨዋ ልሁን ብሎ «አመሰግናለሁ አባባ» ብሎ መለሰ። አለቀለት! ከዚያ በኋላ ቅሉ ከአባባ ወደ እኔ፣ ከእኔ ወደ አባባ ሆነ። ሁለት ቀን ሙሉ፣ በየሰፈርንበት ሁሉ፣ ምስኪኑ ቅሉን በዓይኑ ብቻ ይከተላል። በመጨረሻ ድንኳን ውስጥ «አባትሽን ምን አስቀየምኳቸው?» አለኝ። ሆዴን ይዤ ሳቅሁ። ካገባኝ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ማቴ ላይ አመሰግናለሁ ማለት በቃኝ፣ ተራዬን እለፉ ማለት መሆኑን ግን ማንም አልነገረውም። አባባ ከውጭ ሰምተው «የጠገበ መስሎኝ ነዋ! የወደብ ሰው ሆዱ ትንሽ ነው ብዬ!» አሉ።

በሦስተኛው ቀን ደረስን። ሐይቁ ያው ያ ሰማያዊ ነው። አባባ ፈረስ የሳልክበት ቋጥኝ ላይ ወጥተው እጃቸውን ግንባራቸው ላይ አድርገው ብዙ ቆሙ። ከዚያ ቀስ ብለው «ኔልዳ፣ ዓይኔ ነው ወይስ በረዶው ራሱ የለም?» አሉኝ። ዓይንዎ አይደለም፣ በረዶው ራሱ ሸሽቶ ከሸለቆው ጥግ ገብቷል፣ ለእኛም የሚታየን በሩቁ ነው አልኳቸው። አንገታቸውን ነቀነቁና «እሱም እንደ ኤፍራይን ሳይሰናበተኝ ሄደ» አሉ።

መሬቱን ጥዬ ወደ ማዕድን እሄዳለሁ ብለህ ከተጣላችሁ ወዲህ፣ በስምንት ዓመት ውስጥ ስምህን ሲጠሩ የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

በማግስቱ ጠዋት እሳት ዳር ተቀመጥን። አባባ ጠጡ፣ ለእኔ ሰጡኝ፣ ለሬናን ሰጡት። እሱም አፉን ግጥም አድርጎ መለሰ። ቀጥሎ ቅሉን ሞሉና ማንም ያልተቀመጠበት ድንጋይ ላይ አኖሩት። እስኪቀዘቅዝ ጠብቀው ደፉት፣ ከዚያ እንደገና ከራሳቸው ጀመሩ። በሁለተኛው ዙርም እንደዚያው አደረጉ። ሬናን «ይሄ የማን ነው አባባ?» አለ።

«ያ ልጅ ያን ቀን ቅሉን ጠረጴዛው ላይ አኑሮ፣ በሩን ድርግም አድርጎ ወጣ» አሉ። «አመሰግናለሁ ግን አላለም። አላለም እኮ! ተራው አላለፈም።»

አለቀስኩ፤ ምን ልደብቅህ። ስምንት ዓመት ሙሉ ዝምታቸው ቁጣ ይመስለኝ ነበር። ቤት ገብቼ ለእማማ ብነግራቸው ደግሞ፣ «ታዲያ በየጠዋቱ ደጃፍ ላይ የሚደፋው ማቴ የማን መስሎሽ ነው?» አሉኝ።

እማማ ግንባርህን ይስማሉ፤ ለፍሎሪንዳ የሸመኑትን ሻርፕ ልከዋል። ሬናን ሰላም ብሎሃል፤ አሁን በቀን ሰባት ቅል ይጠጣል። ዳማሪስን ጉንጯን ሳምልኝ። አባባ ሰላም በይው አላሉኝም፤ ይህን ስጽፍ ግን አጠገቤ ተቀምጠው ወረቀቱ ስንት ገጽ እንደሆነ ሁለት ጊዜ ጠየቁኝ።

ብርዱ ሳይገባ፣ ፊትህን ማየት ሳያቅታቸው ና። ይቅርታ እንዴት እንደምትጠይቅ አትጨነቅ። ቅሉን ሲሰጡህ ጠጣ፣ ምንም ሳትል መልስላቸው።

እህትህ ኔልዳ

ኮያይኬ፣ የካቲት 2 ቀን